የፈረንጅ በጋና የእኛ ክረምት፦ ስለ ስፖርት ጎማ ለጠየቃችሁኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም “የጎማ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ” ካልኩ ወዲህ የደረሱኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ጠያቂ ያነሳው ጉዳይ ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ነው የጻፍኩለት። የቀራችሁት ቅር እንዳይላችሁ፤ ጥያቄያችሁ አጠገቤ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሰንጋ ተራ ነው። በፈረንጆች 2007 የተሠራ ጎልፍ ጂቲአይ አለኝ። በሥራ ቀን ወደ አራት ኪሎ እመላለስበታለሁ፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ለትራፊክ በተዘጋ መንገድ ላይ በሚደረግ ውድድር እገባለሁ። ጎማዬ 225/45 አር 17 ነው፣ አልቋል። ዱባይ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ሊያመጣልኝ ነው። እዚያ ያለው ሻጭ አንዱ “የበጋ ስፖርት ጎማ”፣ ሌላው ጎኑ ላይ 200 የተጻፈበት የውድድር ሜዳ ጎማ እንደሆነ ነግሮታል። ጓደኞቼ “የበጋ ጎማ ለበጋ ነው፣ ክረምት ላይ ይጥልሃል” ይሉኛል። የትኛውን ላስመጣ? አንድ ጎማ ለከተማም ለውድድርም ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችህ ለክረምቱ መስጋታቸው ደግ ነው። ስጋታቸው ግን ያረፈው በማይገባው ጎማ ላይ ነው። ነገሩ የተበላሸው ከትርጉሙ ነው። እኛ በጋ ስንል ዝናብ የሌለበትን ወቅት፣ ክረምት ስንል ዝናቡን ነው የምናስበው። ጎማ ፋብሪካዎች ግን በጋና ክረምት የሚሉት ሙቀትና ብርድን ነው። ድንበሩ በግምት 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በታች የበጋ ጎማ ላስቲክ እየደረቀ ይሄድና መንገድ መያዝ ያቅተዋል። የክረምት ጎማ የሚሉት ደግሞ ለበረዶ አገር ተብሎ፣ በብርድም እንዳይደርቅ የተቀመመ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ቀኑ 20 ዲግሪ ገደማ፣ ሌሊቱ 10 ገደማ ነው። ስለዚህ የእኛ ሐምሌ ለጎማ በጋ ነው። ወደ 7 ዲግሪና ከዚያም በታች የምንወርደው ሰማዩ ጥርት ባለባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ነው፤ ያን ጊዜም በማለዳ ስትወጣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብለህ ብትነዳ ይበቃል።

ደግሞም አውሮፓ ውስጥ በበጋ ይዘንባል። ጥሩ የበጋ ጎማ ውሃ ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ለአውሮፓ ገበያ በወጣ ጎማ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ካገኘህ፣ ደመናና ዝናብ ከተሳለበት አጠገብ ከኤ እስከ ኢ የሚሄድ ደረጃ ታያለህ። ያ በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዴት እንደሚቆም የሚናገር ነው፤ ምርጡ ኤ ነው። የአክስትህ ልጅ ስንት ብር እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ይቺን ፊደል ይይ።

ክረምት ላይ የሚጥልህ ያ 200 የተጻፈበት ነው።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። በ1998 ዓ.ም. አንዲት ፔጆ 205 ነበረችኝ። ያገለገለ የውድድር ጎማ ከጣሊያን ያስመጣ ሰው አራቱን ሸጠልኝ፤ መሃሉ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቦይ፣ የቀረው ልሙጥ። በደረቅ መንገድ ስሞክረው መሪው እጄ ላይ ክብድ ሲል፣ ኩርባው ላይ መኪናዋ አስፋልቱን ጭምድድ አድርጋ ስትይዝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሐምሌ ነበርና በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ከማዘጋጃ ቁልቁል ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ እየወረድኩ ነው፤ ፍጥነቴ 50 አይሞላም። ቸርቸል ጎዳናን በዝናብ የወረደ ያውቀዋል፤ ውሃው ከላይ ከፒያሳ ተሰብስቦ አስፋልቱን እንደ ወንዝ ይዞት ነው የሚወርደው። ፊት ለፊቴ አንድ ሚኒባስ ሰው ለመጫን ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። መጀመሪያ የጠፋው ድምፁ ነው፤ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ሽሽታ ቀጥ አለ። ከዚያ መሪው ቀለለኝ፣ ምንም ነገር ያልተያያዘበት ይመስል። ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ መኪናዋ ግን ወደምትሄድበት መሄዷን ቀጠለች፣ በኋላ የቀኙ ጎማ ዳር ላይ መሬት ሲያገኝ ተወርውራ የእግረኛው ጠርዝ ላይ ወጥታ ቆመች። በቆሎ እሸት የምትጠብስ አንዲት እናት ከከሰል ምድጃዋ ጋር ሦስት እርምጃ ላይ ነበረች። ዣንጥላዋን እንደያዘች አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም ቃል አልወጣንም። የተጎዳው አንድ ቸርኬና አንድ አሞርዛተር ብቻ ነው። እሷን ግን እስካሁን ሐምሌ በገባ ቁጥር አስባታለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ጎማ በውሃ ላይ ሲሄድ ከሥሩ ያለውን ውሃ ማስወጣት አለበት፤ የሚያስወጣው በቦዮቹ ነው። ቦዩ ጥቂትና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ውሃው መውጫ ያጣና ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል። ያን ጊዜ ፍሬንህም መሪህም ከመንገዱ ጋር አይገናኙም። የውድድር ጎማ ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ስስ እርጥበት ላይ ክፉ አይደለም፤ ይህ ብዙዎችን ያታልላል። ካፊያ ላይ ሞክረው “ዝናብም ይችላል” ይላሉ። ውሃ ሲቋጥር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ደግሞ ውሃ የማይቋጥር መንገድ የላትም።

አሁን ስለ 200 ቁጥሩ። ለአሜሪካ ገበያ በሚወጣ የመኪና ጎማ ጎን ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ቶሎ ማለቅ አለማለቁ፣ እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥታ ፍሬን ሲያዝ ያለው ደረጃ፣ ሙቀት መቻሉ። የመጀመሪያው በቁጥር ነው የሚገለጸው። ቴክሳስ ውስጥ ወደ 11,600 ኪሎ ሜትር ተነድቶ 100 ከተሰጠው መለኪያ ጎማ ጋር ይወዳደራል፤ 200 ማለት በዚያ ሙከራ የመለኪያውን እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ግን ራሱ አምራቹ ስለሆነ የአንዱን ድርጅት 200 ከሌላው 200 ጋር አታስተያይ። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ በመንገድ ጎማ የሚደረጉ ብዙ የአማተር ውድድሮች ከ200 በታች የተጻፈበትን አያስገቡም። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ 71 አርኤስ፣ ዮኮሃማ አድቫን ኤ 052፣ አድቫን ኒዮቫ ኤዲ 09 ሁሉም ልክ 200 ላይ የቆሙት ለዚህ ነው፤ ቁጥሩ የደንብ መግቢያ ቲኬት ሆኗል። በሌላ በኩል ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ 300፣ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ስፖርት 02 ደግሞ 340 ተጽፎባቸዋል። እነዚህ የመንገድ ስፖርት ጎማ ናቸው፤ ቦያቸው ጥልቅ ነው፣ ዝናብ ያውቃሉ።

ለአንተ ጎልፍ የምመርጠው ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 5 ወይም ጉድይር ኢግል ኤፍ 1 አሲሜትሪክ 6 ነው። ሁለቱም በ225/45 አር 17 ይገኛሉ። ከልኩ ቀጥሎ 94 ዋይ የሚል ካለ እሱን ይያዝልህ። 94 አንዱ ጎማ እስከ 670 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 91 ቢሆን 615 ነው። ዋይ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። እዚያ ፍጥነት እንደማትደርስ አውቃለሁ። ፊደሉን የምፈልገው ጎማው ሙቀት እንዲችል ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ ውድድር ላይ ጎማን የሚገድለው ሙቀት ነው።

አንድ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል ወይ ላልከኝ፦ ይሆናል፣ ልኩን ካወቅህለት። በዓመት አራት ቀን ለሚወዳደር ሰው ሁለተኛ ጎማ የግድ አይደለም። የመንገድ ስፖርት ጎማ አጥብቀህ አራት አምስት ዙር ከነዳኸው በኋላ ከልክ በላይ ይግላል፤ የመጀመሪያው ዙር ላይ ይይዝልህ የነበረው ኩርባ ላይ የቅቤ ያህል ይሟልጭብሃል። ያን ጊዜ አትታገለው። አንድ ዙር ቀስ ብለህ ነድተህ አቀዝቅዘውና ውጣ። ስትቆም የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ የጋለ ሸራ የጋለ ዲስክ ላይ እንዳይጣበቅ በማርሽ ተወውና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ።

ንፋሱን ደግሞ በግምት አትሙላ። መነሻህ የመኪናው ሰንጠረዥ ነው፤ በጎልፍ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ስትከፍት ከውስጥ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። በቀዝቃዛ ጎማ በዚያ ልክ ሞልተህ ግባ። ከመግባትህ በፊት ጠመኔ ውሰድና የፊት ጎማዎቹ ትከሻ ላይ፣ ከጥርሱ እስከ ጎኑ የሚወርድ መስመር በሦስት ቦታ አስምር። አብዛኛው ስፖርት ጎማ ትከሻው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለው። ሦስት ዙር ነድተህ ስትወጣ ጠመኔው የት ድረስ እንደተፋቀ እይ። ምልክቱ ጫፍ ላይ ከቆመ ልክ ነው። ከምልክቱ አልፎ ወደ ጎኑ ከወረደ ጎማው በኩርባ ላይ እየተኛብህ ነው፣ ንፋስ ጨምር። ከምልክቱ ብዙ ርቆ ከቀረ ጎማው ሲግል ንፋሱ በዝቷል፣ ትንሽ አጉድል። በሞቀ ጎማ ያስተካከልከውን ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ወደ ሰንጠረዡ ልክ መልስ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ሰኞ ጠዋት በጎደለ ንፋስ ነው ሥራ የሚሄደው።

ስትመለስ መዳፍህን የፊት ጎማ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፈው፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ። በአንድ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ ዓሣ ቅርፊት ከቧጠጠህ፣ የፊት ጎማዎቹ ቀጥታ አይመለከቱም፣ አላይመንቱ ተዛብቷል። ውጨኛው ትከሻ ብቻውን ከተበላ ደግሞ ጎማው ኩርባ ላይ ወደ ውጭ እየተጋደመ ነው። በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ውድድር ላይ ይህ ያጋጥመዋል፤ አላይመንት ቤት ሄደህ የፊት ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ትንሽ እንዲያዘነብሉ መኪናው የሚፈቅደውን ያህል አስደርግ። የቸርኬ ቡሎኖቹንም የጥብቀቱን ልክ በሚለካ ቁልፍ አስጠብቃቸው። የአንተ ጎልፍ 120 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልገው፤ በቧንቧ አስረዝሞ በጉልበት የሚያጠብቅልህ ሰው እየጠቀመህ አይደለም።

ያ 200ው ልብህን ከሰቀለው አልከለክልህም፣ ግን በራሱ ቸርኬ ላይ ይቀመጥ። የኋላ ወንበር ሲታጠፍ አራቱ ጎልፍ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ውድድሩ በመንገድ ጎማህ ሂድ፣ እዚያ ቀይር፣ ስትጨርስ መልሰህ ቀይር። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ግን ወደ ቤት እንኳ አትንዳበት።

18 ቸርኬም ይፈትንህ ይሆናል፤ የዱባይ ሻጭ ማሳየቱ አይቀርም። አሁን ያለህ ጎማ ጎኑ 101 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው፣ 225/40 አር 18 ብታደርገው 90 ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ጣት ቢሆን ነው። ያቺ ጣት ግን ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ በቸርኬውና በአስፋልቱ ጠርዝ መካከል ያለችህ ብቸኛ ትራስ ናት። መሃል ከተማ ኮሪደሩ የወጣባቸው መንገዶች ለስላሳ ሆነዋል፤ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር እንደታጠፍክ ግን ኮብልስቶኑና የወረደው የጉድጓድ ክዳን ይጠብቁሃል። ጎኑ ላይ እንቁላል ያህል አብጦ የሚመጣልኝ ጎማ አብዛኛው እንዲህ ያለው ጎነ አጭር ነው። ያበጠ ጎማ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ አይጠገንም፣ አይነዳምም።

ለአክስትህ ልጅ የመጨረሻው አደራ፦ ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣውን ረድፍ መጨረሻ ይመልከት። አራት ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2321 ካለ በፈረንጆች 2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ 2013 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩ በጎማው በአንዱ ጎን ብቻ ሊኖር ስለሚችል ካላገኘው ገልብጦ ይይ። እኔ አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ስፖርት ጎማ ከተሠራ ሁለት ዓመት ካለፈው አልገዛም፤ በፀሐይ ላይ ተከምሮ የከረመ ከሆነ ደግሞ አንድ ዓመትም ቢሆን አልነካውም። ጥርሱን በአውራ ጣት ጥፍሩ ይጫነው። ጤነኛ ላስቲክ ትንሽ ገባ ብሎ ይመለሳል፤ የደረቀው ጥፍር ያንሸራትታል።

ጎማዎቹን ካስገጠምክ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ የክብሪት እንጨት ቦዩ ውስጥ አቁመህ ከጥርሱ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ በጥፍርህ ምልክት አድርግና የተማሪ ማስመሪያ ላይ አስተኛው። አዲስ ሲሆን 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በአውሮፓ ሕግ የሚፈቀደው ዝቅተኛው 1.6 ነው። እኔ ግን ለደንበኞቼ ከ3 በታች ክረምትን አላስጀምርም። ውድድር ላይ ፊተኞቹ ቀድመው ስለሚያልቁ ሁለት ብቻ የምትቀይርበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን አዲሶቹን ከኋላ፣ ከኋላ የነበሩትን ወደ ፊት አድርግ። እኛ አገር የለመድነው በተቃራኒው እንደሆነ አውቃለሁ። የፊት ጎማ ውሃ ላይ ሲስት መሪው ቀልሎ ይነግርሃል፣ እግርህን ከነዳጁ ታነሳለህ። የኋላው ሲስት ሳይነግርህ መኪናው ዞሯል።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ልደታ አካባቢ ነኝ። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ገና 22,000 ኪሎ ሜትር ነድቼ ጎማው አለቀ ተባልኩ። በድሮዋ ቪትዜ ከዚህ እጥፍ እነዳ ነበር። የተታለልኩ መስሎኛል። ባለቤቴ ደግሞ “ስፖርት ጎማ አድርጊበት፣ ይሻላል” አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አልተታለልሽም። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ባትሪው ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ክብደታቸው ከቪትዝሽ እጥፍ ገደማ ነው። ሞተሩ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ገና ከቆመበት ሲነሳ ይሰጣል። መብራት ላይ አረንጓዴ ሲበራ ቶሎ የምትረግጪ ከሆነ ጎማው በየመብራቱ ትንሽ ትንሽ ይፋቃል። እግርሽን ማለስለስ ብቻ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጨምርልሻል።

ስፖርት ጎማ ፍሬን ላይ ይረዳሻል፣ ዕድሜ ላይ ግን አይረዳሽም፤ ይበልጥ ቶሎ ያልቃል። አሁን ከሚያስፈልግሽ ነገር ዋናው የመሸከም ቁጥሩ ነው። ልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ጎማ በርካሽ ሊሸጡልሽ ይችላሉ። በርሽን ከፍተሽ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በስልክሽ አንሺና ይዘሽ ሂጂ፤ ከዚያ በታች እንዳትቀበዪ። ለምሳሌ 94 ማለት 670 ኪሎ፣ 103 ማለት 875 ኪሎ ነው፤ በአራት ጎማ ሲባዛ ልዩነቱ 820 ኪሎ ነው። ፊትና ኋላው አንድ ልክ ከሆነ ደግሞ በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ፊቱን ወደ ኋላ አዘዋውሪው። ስፋታቸው የተለያየ ከሆነ አይሆንም፣ እንዳታስሞክሪ።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ከአራት ኪሎ ነው የምጽፈው፣ ዕድሜዬ 71 ነው። ወደ አዳማ ስወርድ ሙቀቱ ጎማ እንዳያፈነዳ ንፋስ እንድቀንስ አንድ ጎሚስታ መከረኝ። ናይትሮጅን ሙላም ብሎኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አይቀንሱ። ጎማ መንገድ ላይ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ንፋስ ጎድሎት ነው። የጎደለው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ውስጡን ይለያየዋል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ያለ ማቋረጥ ሲነዱ ይህ ይባባሳል።

የአዳማው ነገር ደግሞ የሚያስገርም ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ስስ ነው፤ አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ስለሆነች እዚያ ይወፍራል። ስለዚህ እዚህ 33 ፒኤስአይ የሞሉት ጎማ እዚያ ሲደርስ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ 32 ገደማ ያሳይ ነበር። በሌላ በኩል በየ10 ዲግሪው ሙቀት 1 ተኩል ገደማ ይጨምራል። አንዱ ሌላውን ስለሚያጣፋው ጎማዎ ቀዝቅዞ ሲለኩት ያው የሞሉት አካባቢ ያገኙታል። እስከ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ከወረዱ ግን ከከፍታው ብቻ ከ3 በላይ ይጎድላል፤ እዚያ መጨመር ነው የሚያስፈልግዎ። (የጎልፉ ልጅም ይህችን ልብ በል፤ ውድድሩ ዝቅ ያለ አገር ላይ ከሆነ ንፋስህን እዚያው ደርሰህ፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ ለካ።)

ናይትሮጅኑ አይጎዳዎትም፣ ግን የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በዚያ ገንዘብ የራስዎ የንፋስ መለኪያ ይግዙና ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ይለኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካዛንቺስ ነኝ። የኋላ ቀኝ ጎማዬ ሚስማር ወግቶት ከውጭ ገመድ አስገብተው ደፈኑልኝ፣ ንፋስ አይወርድም። ቅዳሜ ውድድር አለኝ። ልግባበት?

መልስ፦ አትግባበት። ከውጭ የሚሰካው ገመድ ቤትህ እንድትደርስ ነው። ለከተማ መንዳት ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ከውስጥ ተፍቆ መለጠፍ አለበት፤ ያውም ቀዳዳው ጥርሱ ላይ ከሆነ ብቻ ነው፣ ትከሻው ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ አይለጠፍም። ለውድድር ግን በደንብ የተለጠፈውንም አላስገባም፤ ጎማው ሲግል ልጣፉ ምን እንደሚሆን ማንም ሊምልልህ አይችልም። እስከ ቅዳሜ ተመሳሳይ ጎማ ካገኘህ ሁለቱንም የኋላ ቀይር። ካላገኘህ ይህን ውድድር ተወው፣ ጎማውንም ይዘህልኝ ና፤ ከውስጥ አይቼ ለከተማ ይሁን አይሁን እነግርሃለሁ።